የሚበላና የማይበላ

(እትዬ ዘነበች ጎጃም ተወልደው፣ አዲስ አበባ ላይ በባልትና ሥራ ያረጁ ሴት ናቸው። ብሩክ የታናሽ እህታቸው ልጅ ነው፤ የምግብ ሳይንስ ተምሮ የቁጥጥር ሥራ ይዟል። ወሬው የተጀመረው በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ሥራ በፈታበት ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱም ነገር ወዳድ ስለሆኑ መብራቱ ከመጣም በኋላ አላቋረጡም።)

ዘነበች፦ የእናንተ ሰዎች ሲመጡ ይህ ይበላል፣ ያ አይበላም ብለው ይሄዳሉ። እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንተ አልተወለድክም። እስቲ ዛሬ ሥራም የለ፤ የሚበላውን ከማይበላው የምትለዩት በምንድን ነው?

ብሩክ፦ ሕጉ ቀላል ነው፣ እትዬ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112 ማለት ነው፣ ጤና የሚጎዳ፣ የተበላሸ፣ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ ገበያ እንዳይወጣ ይከለክላል። ናሙና ይወሰዳል፣ ላቦራቶሪ ይገባል፣ ጉዳት የሚያደርስ ነገር ካልተገኘበት ይበላል።

ዘነበች፦ እንግዲያው እኔ ከቅበላ ወዲህ ወተት ያልቀመስኩት ምን ተገኝቶበት ነው?

ብሩክ፦ እሱማ ሌላ ነው፤ ሃይማኖት ነው።

ዘነበች፦ ሌላ አይደለም፣ ልጄ። አፌ አንድ ነው። ወደ አፌ የሚገባውን ከሚወስኑልኝ ሁሉ መጀመሪያ የምሰማው እሱን ነው፤ ያንተን ወረቀት ኋላ ነው የማየው። በሬን ውሰድ። አንድ በረት ያደጉ፣ አንድ ገበያ የተገዙ ሁለት በሬዎች አሉ እንበል። አንዱ በስመ አብ፣ አንዱ ቢስሚላሂ ተብሎ ታረደ። ከዚያ በኋላ አንዱን እኔ አልነካውም፣ ሌላውን ጎረቤቴ ሐጂ አይነኩትም። የእናንተ ላቦራቶሪ በሁለቱ ሥጋ መካከል ምን ልዩነት ያገኛል?

ብሩክ፦ ምንም አያገኝም። ቄራውም ልኳንዳ ቤቱም ግን ለይቶ ነው የሚሠራው፤ በራፉ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ይደረጋል። እውነቱን ከጠየቁኝ እኔ ራሴ ልኳንዳ ቤት ስገባ ዐይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መስቀሉ ነው። የቄራውን ማኅተም ከዚያ ቀጥዬ ነው የምፈልገው።

ዘነበች፦ ሳይንስህ የት ሄደ ታዲያ?

ብሩክ፦ ማኅተሙ ላይ ነዋ። የሥጋ መርማሪው የበሬውን ጉንጭ፣ ምላሱንና ልቡን ሰንጥቆ ያያል፤ የኮሶ ትል የሚደበቀው እዚያ ስለሆነ። መስቀሉ ይህን አይነግረኝም።

ዘነበች፦ ድሮስ ኮሶ ሳይጠጣ የኖረ ማን አለ? አያቴ የኮሶ አበባ ተወቅጦ ተበጥብጦ ሲሰጣቸው ፊታቸውን አጨማድደው ይጨልጡት ነበር። ጥሬ ሥጋ ይበላል፣ ትሉ ይገባል፤ ኮሶ ይጠጣል፣ ትሉ ይወጣል። ከዚያ እንደገና ቁርጥ። ሥጋው አይበላም ያለ ሰው አልሰማሁም።

ብሩክ፦ እኔም የሚገርመኝ እሱ ነው። ሥጋው በደንብ ቢበስል፣ ወይም በረዶ ሆኖ ቀናት ቢቆይ ትሉ ይሞታል፤ ቁርጥ ግን ቁርጥ አይሆንም። ስለዚህ ሰዉ አደጋውን ዐውቆ፣ መድኃኒቱንም ጓሮው ተክሎ፣ ሥጋውን በላ።

ዘነበች፦ እንግዲህ የመጀመሪያው መልስህ ወደቀ። ጉዳት ያለበት እየተበላ፣ ጉዳት የሌለበት እየተተወ ነው።

ብሩክ፦ ወደቀ አልልም፤ አነሰ ብባል እቀበላለሁ። በሌላ በኩል ልምጣልዎት። እንዲሁ ተፈጥሮ ምግብ የሆነ ነገር ጥቂት ነው። ማር፣ ወተት፣ የበሰለ ፍሬ፤ ሌላው አብዛኛው በእጅ ነው ምግብ የሚሆነው።

ዘነበች፦ እሱን ለእኔ ተወው። የጉራጌ ጎረቤቶቼ አገር ሄጄ እንሰት ሲፋቅ አይቻለሁ። ሴቶቹ ግንዱን ፍቀው፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ጠቅልለው፣ ድንጋይ ጭነውበት ይተዉታል። ሳምንታት፣ አንዳንዱም ወራት። ያን የሚያህል ነገር መሬት ውስጥ ቀብሮ ይበላል ብሎ የሚጠብቅ ሰው እምነቱ ምን ያህል ነው! ደግሞ ቆጮ ሆኖ ይወጣል።

ብሩክ፦ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሰው የሚኖረው በዚያ እምነት ነው። ቀይ ቦሎቄም እንዲሁ ነው። አራት አምስት ፍሬ ጥሬውን የበላ ሰው ሆዱ ይገለበጣል፤ ዐሥር ደቂቃ ሲንተከተክ ግን መርዙ ይጠፋል። ለብ ባለ ሙቀት ብቻ ቢቆይ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል፤ ስለዚህ ከግማሽ ማብሰል አለማብሰል ይሻላል። ደቡብ የሚበላው ካሳቫም ሲያናይድ አለበት፤ መራራው ዓይነት ሳይላጥ፣ ሳይዘፈዘፍ፣ ሳይደርቅ አይደፈርም። ይህን ሁሉ ላቦራቶሪ ከመምጣቱ በፊት ሴቶች ያውቁታል።

ዘነበች፦ ጎሽ! ዛሬ ደህና ትናገራለህ። ከመቀቀሉ በፊት ደግሞ መልቀም አለ። እህል ይለቀማል፣ ይበጠራል፣ ይነፋል። እኔ ጣቴ ያላለፈበት እህል ወፍጮ አይገባም። የሚበላውን ከማይበላው የሚለየው ሰፌድ ነው ብልህስ?

ብሩክ፦ ግማሹን ይለያል። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወሎ ውስጥ የሰው ጣትና እግር እየጠቆረ የሚወድቅበት በሽታ ገብቶ ነበር። ምክንያቱ ከገብሱ ጋር የበቀለው ስናር ነው፤ ፍሬው ላይ ጥቁር ፈንገስ ወጥቶበት ነበር። አውሮፓውያን በመካከለኛው ዘመን ከአጃ ዳቧቸው ያገኙትና የቅዱስ እንጦንስ እሳት ይሉት የነበረው ያው ነው።

ዘነበች፦ ስናርን ያልለየ ገበሬ አለ? የወሎ ሴት ስናር ከገብስ መልቀም አቅቷት ነው የምትለኝ?

ብሩክ፦ አላቃታትም፣ እትዬ። ያ ጊዜ የድርቅ ማግስት ነው፤ ማሳው ላይ ስናሩ ገብሱን ውጦታል። ስናሩ ተለቅሞ ቢወጣ ለልጆቿ የምትጋግረው ምን ይቀራል?

ዘነበች፦ እህ።

ብሩክ፦ ትግራይ ውስጥ ደግሞ፣ ታሕታይ ቆራሮ በምትባል ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሰው ሆዱ እያበጠ በጉበት ይሞት ነበር። ውሃው ተጠረጠረ፣ መድኃኒት ተጠረጠረ፣ ዓመታት ፈጀ። በኋላ የተገኘው በእህል ውስጥ የተቀላቀለ የአረም ዘር ነው። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ከጤፍና ከዳጉሳ ጋር አብሮ ይታጨዳል፣ ወንፊቱም አብሮ ያሳልፈዋል። እንዲህ ያለውን ሰፌድ አይለየውም።

ዘነበች፦ እሺ፣ ዐይን የማያየው አለ። ሻጋታ ግን አያመልጠኝም። ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የተረጨበት በርበሬ ሲመጣ ከበር ነው የምመልሰው፤ ሽታው ይነግረኛል።

ብሩክ፦ ሽታው የሚነግርዎት ሻጋታው እንዳለ ነው። ሻጋታው ትቶት የሚሄደው መርዝ ግን አይሸትም፣ አይታይም፣ ቢፈላም አይጠፋም። አፍላቶክሲን ይባላል። የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ካለቁ በኋላ ነው፤ የበሉት የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር። አሁን ወደ ወተትዎ ልመልስዎ።

ዘነበች፦ ጾም ነው አልኩህ እኮ።

ብሩክ፦ ለፋሲካ ያስፈልግዎታል። ከዓመታት በፊት ተመራማሪዎች በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካለው የወተት ሰንሰለት 110 ናሙና ወስደው ይህንኑ መርዝ ለኩ። የአውሮፓን ገደብ ያላለፈው 9 ናሙና ብቻ ነበር። የአሜሪካ ገደብ ከአውሮፓው በዐሥር እጥፍ የላላ ነው፤ እሱንም ቢሆን 29ኙ አልፈውታል። ምንጩ ላሞቹ የሚበሉት መኖ፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ።

ዘነበች፦ ቆይ፣ ቆይ። ይኸ ነገር ደስ አላለኝም። ያንኑ አንድ ብርጭቆ ወተት ፈረንሳይ አገር ቢወስዱት አይጠጣም፣ አሜሪካ ቢወስዱት ይጠጣል ነው የምትለኝ?

ብሩክ፦ ብዙው ናሙና እንደዚያ ነው። በሁለቱ ገደቦች መካከል የሚወድቅ።

ዘነበች፦ ታዲያ እናንተና በስመ አብ በምን ትለያያላችሁ? ያም በቃል ነው የሚለየው፣ ይኸም በቃል ነው።

ብሩክ፦ (ይስቃል) ይህን ለአለቃዬ አልናገርም። ልዩነት ግን አለ። ገደቡን የሚያወጡት ሰዎች የሚያሰሉት አንድ ሰው በቀን ስንት ይጠጣል፣ ለስንት ዓመት፣ ሕፃን ከሆነስ፣ ብለው ነው። መርዙ ከዜሮ በላይ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። የሚከራከሩት ምን ያህሉን እንቻል በሚለው ላይ ነው። አንዱ አገር ጠበቅ ያደርጋል፤ ሌላው ላላ ያደርጋል። መቼም ዜሮ ካልሆነ የሚል ገደብ ቢወጣ የሚበላ ነገር አይተርፍም።

(እዚህ ላይ መብራት መጣ። እትዬ ዘነበች ግን ወፍጮውን አላስነሱም፤ ልጁ ባሰበው ቦታ ሳይሆን እሳቸው ባሰቡት ቦታ ሊያስቆሙት ፈልገዋል መሰለኝ።)

ዘነበች፦ እንግዲያው ስለ ጓያ ንገረኝ።

ብሩክ፦ ሽሮ ውስጥ ይጨምሩታል?

ዘነበች፦ ያዘዘኝ ሰው ካለ እጨምራለሁ። በአተር ዋጋ ሽሮ መግዛት የማይችል ሰው ብዙ ነው። ጓያ ርካሽ ነው፣ ሽሮው ወፈር ይላል፣ ጣዕሙም አይታማም። ጎጃም ሳለን በልተን ነው ያደግነው። እናቴ ጓያ ስትቀቅል ግን ከምድጃው ዳር ታባርረን ነበር። እንፋሎቱ እግር ይሰብራል ትል ነበር። እዚያ ሰፈር በምርኩዝ የሚሄዱ ሁለት ጎልማሶች ነበሩ፤ ጓያ ሰብሯቸው ነው ይባል ነበር። እኔም እስከ ዛሬ ድስቱን ስከፍት ፊቴን አዞራለሁ።

ብሩክ፦ እናትዎ የተቀቀለበትን ውሃ ምን ያደርጉት ነበር?

ዘነበች፦ ይደፋ ነበር እንጂ! ሌሊቱን ዘፍዝፋ ትደፋዋለች፤ የመጀመሪያውንም ቅቅል ደግማ ትደፋዋለች። እንፋሎቱ የወጣበት ውሃ ነዋ።

ብሩክ፦ እንፋሎቱ ማንንም አልሰበረም። መርዙ ፍሬው ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ተለይቶ ታውቋል፣ ኦዳፕ ይሉታል። ውሃ ግን ያሟሟዋል። እናትዎ ለውሃው የሰጡት ምክንያት ስህተት ነበር፤ ያደረጉት ግን ዛሬ እኛ ገበሬውን አድርግ ብለን የምናስተምረውን ነው። ሁለቱ ጎልማሶች ሲታመሙ አእምሯቸውም እጃቸውም ደህና ነበር፣ አይደል?

ዘነበች፦ ደህና ነበሩ። አንዱ እንዲያውም ከሰፈሩ ሁሉ የሚበልጥ ነገር ዐዋቂ፣ ሸማግሌ የሚሆን ሰው ነበር። እግሩ ብቻ እንደ መቀስ እየተጠላለፈ፣ በጣቶቹ ጫፍ ነበር የሚራመደው።

ብሩክ፦ በሽታው እንዲያ ነው። ሕመም የለውም፣ አይገድልም፣ አይድንም። አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ እግር ይከብዳል፣ በቃ። ከሴቱ ወንዱን፣ ከሽማግሌው ወጣቱን ይበልጥ ይይዛል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ የነርቭ ሐኪም ደምቢያና ፎገራ አካባቢ መንደር ለመንደር አጥንተውታል። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ወሎ ውስጥ፣ ደላንታ ዳውንት ላይ እንደ ወረርሽኝ ተነሣ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ሄደው የተሰበረውንም ያልተሰበረውንም ቤተሰብ ጓያውን እንዴት እንዴት አድርጋችሁ ነው የበላችሁት ብለው ጠየቁ። መልሱን እርስዎ ይወዱታል።

ዘነበች፦ ንገረኛ!

ብሩክ፦ አደጋው የበዛባቸው ንፍሮውን፣ ቆሎውንና እሸቱን የበሉት ናቸው። በቅመም ተሠርቶ እንደ ሽሮ ወጥ የበሉት፣ ወይም አቡክተው ጋግረው የበሉት አደጋቸው አልጨመረም።

ዘነበች፦ አየህ! ባልትና ማለት ይኸ ነው። እናንተ ማሽን አስመጥታችሁ የምትደርሱበትን እኛ በነጭ ሽንኩርትና በእርሾ ጨርሰነዋል።

ብሩክ፦ ጨርሰውታል፤ ግን ደላንታ የነበሩት ሴቶች ባልትና የማያውቁ መሰለዎት? ሽሮ ለመሥራት ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ ይፈልጋል። ለማቡካት ጊዜና ምጣድ የሚያሰማ ማገዶ ይፈልጋል። ዘፍዝፎ ለመድፋት ደግሞ ውሃ። ምንጩ ደርቆ አንድ እንስራ ውሃ ግማሽ ቀን የሚያስሄድበት አገር፣ የጓያ ውሃ ይደፋል? ንፍሮውን ቀቅላ፣ ውሃውንም ለልጆቹ ታጠጣለች።

ዘነበች፦ ልክ ነህ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ብሩክ፦ ጓያውን ራሱን ይመልከቱት። ዋልካ መሬት ላይ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በቀረው እርጥበት ይዘራል። ብዙ ማረስ አይፈልግም፣ ብዙ ማረም አይፈልግም። ጎርፍ ቢተኛበት ይነሣል፣ ድርቅ ቢመጣ ይችላል። ከመቶ እስከ 30 እጁ ፕሮቲን ነው። ጤፉ ሲቀር፣ ሽምብራው ሲቀር፣ ምስሩ ሲቀር እሱ ብቻ ቆሞ ይገኛል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ደግሞ ድርቅ ያየው ጓያ መርዙ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሰው በብዛት የሚበላው መርዙ በበዛበት ዓመት ነው፤ ያውም ከጎኑ ምንም ሳይኖር።

ዘነበች፦ ከጎኑ ምን ቢኖር ነው የሚያድነው?

ብሩክ፦ እንጀራ። ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎም ቢሆን። ጓያ የሚጎድለው አንድ ዓይነት የፕሮቲን ፍሬ አለ፤ ሜታዮኒን ይባላል፤ ሰውነት መርዙን ለመቋቋም እሱን ይፈልጋል፣ እህል ደግሞ አለው። እርስዎ ልጅ ሳሉ ጓያ በልተው እግርዎ የዳነው ውሃው ስለተደፋ ብቻ አይደለም። ጓያው በእንጀራ ላይ ፈስሶ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን፣ በሌላው ቀን ባቄላና ጎመን እየተበላ ስለነበረ ነው። የደላንታው ሰው ጠዋት ጓያ፣ ማታ ጓያ፣ ለሁለትና ለሦስት ወር። ያው ፍሬ ነው፣ እትዬ። በእርስዎ ቤት ምግብ ነበር፣ በዚያኛው ቤት መርዝ ሆነ።

ዘነበች፦ እንግዲያው ይበላል ወይስ አይበላም ብዬ ብጠይቅህ መልስ የለህም።

ብሩክ፦ አለኝ። ከምን ጋር፣ ስንት ቀን፣ ብዬ መልሼ እጠይቅዎታለሁ። ያንን ሳይነግሩኝ ፍሬውን ብቻ ቢያሳዩኝ መልስ የለኝም። ላቦራቶሪም የለውም፤ ማሽኑ ፍሬውን ይለካል እንጂ ገበታውን አይለካም።

ዘነበች፦ ሌላው አገር ምን አደረገ? ጓያ የኛ ብቻ ነው?

ብሩክ፦ የኛ ብቻማ አይደለም። ህንድ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በብዙ ግዛቶቿ ሽያጩን አገደች፤ ድሃው ግን ሲዘራውና ሲበላው ኖረ። ስፔን እ.ኤ.አ. በ1967 ለሰው ምግብነት ከለከለችና በ2018 ፈቀደች።

ዘነበች፦ ፍሬው በሃምሳ ዓመት ተለወጠ?

ብሩክ፦ ፍሬው ያው ነው። ሰዎቹ ጠገቡ። ዛሬ ስፔን ውስጥ የጓያ ገንፎ በቀዝቃዛ ቀን፣ ከሥጋ ጋር፣ አልፎ አልፎ የሚበላ የባህል ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1811 እና 1812 ማድሪድ በፈረንሳይ ጦር እጅ ሆና ስትራብ ግን ሌላ ነገር አልነበራትም። ጎያ የሚባለው ታላቁ ሠዓሊያቸው ያን ረሃብ ሲስል ለጓያ ምስጋና የሚል ርእስ የሰጠው ሥዕል አለው፤ ዙሪያውን የተራቡ ሰዎች፣ ከፊት እግሯ የማይታዘዛት ሴት ተጋድማ ትታያለች። ምስጋናውም ስብራቱም አንድ ወረቀት ላይ።

ዘነበች፦ ብልህ ሰው ነው። ሁለቱንም አይቷል።

ብሩክ፦ ከዚህ የባሰም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ ገደማ፣ ቫፕኒያርካ በሚባል ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ባለ ቦታ ሮማኒያዎች አይሁድ እስረኞችን ጓያ ይመግቡ ነበር። ለከብት መኖ የተቀመጠ ጓያ ነው። በሳምንታት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እግራቸው ተያዘ። ከእስረኞቹ አንዱ አርተር ኬስለር የሚባል ሐኪም ነበር፤ በሽታውን ዐወቀው። እስረኞቹ ምግቡን አንበላም ብለው አደሙ፤ የተራበ ሰው፣ ጠባቂ ቆሞበት፣ አልበላም አለ።

ዘነበች፦ (ዝም ይላሉ) ለከብት የሚሆነውን ለሰው ሰጡ።

ብሩክ፦ ዐውቀው ሌላ ምርጫ ለነፈጉት ሰው ሰጡ። ከደላንታ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ደላንታን የነፈጋት ሰማዩ ነው፤ ሰማዩ ብቻ ነው ብዬ ግን አልምልም። እህል ከአገር አልጠፋም፤ ደላንታ አልደረሰም።

ዘነበች፦ መርዝ የሌለው ጓያ አታወጡም ታዲያ? ይህን ሁሉ ተምራችሁ!

ብሩክ፦ ተሞክሯል። ደብረ ዘይት ያለው የምርምር ማዕከል ዋሴ የተባለ፣ መርዙ አነስተኛ የሆነ ዝርያ አውጥቷል። ችግሩ ንብ ነው፤ ከጎረቤት ማሳ የአበባውን ዱቄት ይዛ መጥታ ታዳቅለዋለች፣ መርዙም ቀስ በቀስ ይመለሳል። መርዙን ጨርሶ ማጥፋትም እስካሁን አልሆነም። ዝርያው ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አያድንም።

ዘነበች፦ እንግዲህ ፍርድህን ስጠኝ። ነገ የእናንተ ሰው መጥቶ ሽሮዬ ውስጥ ጓያ ቢያገኝ ይደፋዋል?

ብሩክ፦ እኔ ብሆን የምጠይቅዎት ከረጢቱ ላይ ምን ጻፉ ነው። እንጀራ ውስጥ ጄሶ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ሲገኝ ክርክር የለም፤ ከምንም ጋር ቢበላ፣ በምንም ቀን ቢበላ ምግብ አይሆንም፤ ይደፋል፣ ሰውየውም ይታሰራል። ጓያ እንደዚያ አይደለም። የጓያ ጥፋቱ በአተር ስም ሲሸጥ ነው። የአተር ሽሮ ነው ብላ የገዛች እናት በየቀኑ ትሠራዋለች፣ ቤቷ ውስጥ ስንት እየተበላ እንደሆነ ቆጥራ አታውቅም። ስሙን ካወቀች ግን እንደ እናትዎ ታደርጋለች፤ ከእንጀራ ጋር ታቀርበዋለች፣ በማግስቱ ሌላ ትሠራለች፣ ለልጆቿ ንፍሮውን አታዘወትርም።

ዘነበች፦ እጽፋለሁ። ያለኝን ነገር ደብቄ አላውቅም፤ ሳይጠይቁኝ ዝም ብዬ ይሆናል እንጂ። አሁን የኔን ስማ። እናንተ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣችሁ ጓያ አይበላም የሚል ወረቀት ብትጽፉ፣ ወረቀቱን የሚያነበው ሌላ የሚበላው ያለው ሰው ነው። ሌላ የሌለው ሰው ያነበዋል?

ብሩክ፦ አያነበውም። ቢያነበውም ይበላል።

ዘነበች፦ ታዲያ ለአለቆችህ ንገራቸው። የክፉ ዓመት ምልክቱ ይታወቃል፤ በጥቅምት ገበሬው ዋልካውን ሁሉ ጓያ ዘርቶ ካያችሁ፣ ሌላው አዝመራ ቀርቶበታል ማለት ነው። ያን ጊዜ አስተማሪ ከመላካችሁ በፊት ስንዴ ላኩ። ጓያው ሳይታጨድ፣ ሰዉ ንፍሮውን ሳይጀምር ይድረስ።

ብሩክ፦ ደላንታን ያጠኑትም የጻፉት ይህንኑ ነው፤ የእርዳታ እህሉ ከጓያው ጋር ተቀላቅሎ እንዲበላ በጊዜ ይድረስ ብለዋል። ከዘገየ ጥቅም የለውም። ጓያ የሰበረውን እግር የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም።